85ኛው ፊደል

ዛሬ ያለ ምክንያት ሆድ ብሶኛል። እንዲህ ሲያደርገኝ የሚበጀው እጅን በሥራ መጥመድ ነውና የከረሙትን የዲኤንኤ ቅደም ተከተል ውጤቶች አንድ በአንድ ማየት ጀመርኩ። አንዲት ባልደረባዬ ፊቴን አይታ ምንም ሳትጠይቀኝ አለፈች። ትባረክ።

የኒሞሲስቲስ ጂሮቬቺ ናሙናዎች ናቸው፤ በሽታ የመከላከል አቅሙ የተዳከመ ሰው ላይ የሳንባ ምች የሚያመጣው ፈንገስ። በማይቶኮንድሪያው (የሴሉ ኃይል ማመንጫ) የራይቦሶም አርኤንኤ ዘረመል 85ኛው ቦታ ላይ ስደርስ ቆምኩ። ከአራቱ የዲኤንኤ ፊደላት እያንዳንዱ በውጤቱ ሥዕል ላይ የራሱ ቀለም ያለው ጫፍ ሆኖ ይታያል። የሲ ሰማያዊ ጫፍ ቀጥ ብሎ ቆሟል፤ ከሥሩ ግን የቲ ቀይ ጫፍ አንገቱን ብቅ አድርጓል። ኮምፒውተሩ «ሲ» ብሎ ጽፎ አልፎታል። እኔ ማለፍ አቃተኝ።

ሌላ ፈንገስ ቢሆን ሳህን ላይ አሳድጌ ከአንዱ ቅንጣት ብቻ እነሣ ነበር። ይህኛው ግን በላብራቶሪ እንደ ልብ አይበቅልም። ከሳንባ ታጥቦ በወጣው ፈሳሽ ውስጥ ያለውን ሁሉ በጅምላ እናነባለን፤ የተቀላቀሉ ዓይነቶች በአንድ ሕመምተኛ መገኘታቸው ደግሞ ብርቅ አይደለም። አዳራሽ ሙሉ ሰው ውስጥ ድምፁ የጎላውን ብቻ ሰምቶ ሁሉንም በእርሱ ስም እንደ መመዝገብ ነው።

ዓይነቶቹን ለመለየት ብዙ ዘረመሎችን አብሮ ማንበብ ከአንዱ ይሻላል፤ ከሌሎች ላብራቶሪዎች ውጤት ጋር ለማስተያየትም ይመቻል። እኔ ግን ማይክሮሳተላይት ለሚባለው ዘዴ አደላለሁ፤ በዲኤንኤው ውስጥ የሚደጋገሙ አጫጭር ፊደላትን ርዝመት ስለሚለካ ቅይጡን ቶሎ ያጋልጣል። አንዱን ቦታ ደጋግሞ የሚያነበው አዲሱ ጥልቅ ንባብ በቁጥር አናሳ የሆኑትን ዓይነቶች ሳይቀር ይቆጥራል፤ ቆጥሮም ራስ ምታቱን ለእኔ ይተዋል። ይህን በሽታ ለማከም የሚሰጠው የሰልፋ መድኃኒት ዒላማ በሆነው ኢንዛይም 55ኛና 57ኛ ቦታ ላይ የሚታየው ለውጥ ፈንገሱ ምን ዓይነት መድኃኒት እንደገጠመው ይጠቁም ይሆናል እንጂ ከማን እንደመጣ አይናገርም።

ከማን! ቀኑን ሙሉ የነዘነዘኝ እርሱ ነው። ቀድሞ በሽታው በልጅነት ገብቶ ያደፈጠው ሲቀሰቀስ ነው የሚመጣው ይባል ነበር። በኋላ ኩላሊት በተተከለላቸው ሕመምተኞች መካከል የተነሡ ወረርሽኞች ሲመረመሩ ተመሳሳይ ዓይነት ተገኘ፤ በአየር ከሰው ወደ ሰው እንደሚተላለፍም ታመነ። ጤነኛ ሰውም ሳያውቀው ለጊዜው ሊሸከመው ይችላል። ጤነኛ ሰው ማለት እንግዲህ እኔም ነኝ።

ይህን ካሰብኩ ወዲያ እንቅልፍ የለም። ጉሮሮዬን ተጉመጥምጬ ናሙና ልስጥ? የትኞቹን ዘረመሎች ላንብብ? በጀቱን አስልቼ፣ የፈቃደኝነት ቅጹን በሐሳቤ አርቅቄ፣ የሥነ ምግባር ኮሚቴውን ጥያቄ ሁሉ በሚገባ መልሼ ጨረስኩ። ተመራማሪዋ እኔ፣ ተመርማሪዋ እኔ፣ ቅጹ ላይ «ማንም አላስገደደኝም» ብዬ የምፈርመውም እኔው። ኮሚቴው፣ ሳይገርመኝ፣ በሙሉ ድምፅ አጸደቀልኝ።

አንድ ጥያቄ ብቻ አልጠየቀኝም። ከእኔ የተገኘው ዓይነት ከአንዱ ሕመምተኛ ጋር ቢገጥምስ? ዓይነቱ በየቦታው የሚገኝ ከሆነ መግጠሙ ምንም አያረጋግጥም፤ ይህን ለሌላው ሰው በደንብ አስረዳለሁ። ለራሴስ ባስረዳው አምናለሁ?