እርሳሱ ይቆይ፦ ሐዋሳ ላይ የማስተማር ልምምድ ለምትወጡ የአፀደ ሕፃናት ሠልጣኞች

ልምምድ ላይ የሚወጣ ሠልጣኝ ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው በመጀመሪያው ሳምንት ነው። ለአምስት ዓመት ልጅ እርሳስና ባለመስመር ደብተር ይሰጥና «ሀን ጻፍ» ይለዋል። ልጁ እርሳሱን በጡጫው ጨብጦ ሲጫን ወረቀቱ ይቀደዳል፤ ትከሻው ሳይቀር ይገተራል። ስንፍና እንዳይመስላችሁ፤ የጣቶቹ ጡንቻና የእጅ አንጓው አጥንት ገና አልጠኑም። በ2015 ዓ.ም. የጸደቀው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ቅድመ አንደኛን ሁለት ዓመት ስላደረገው ጊዜ አላችሁ፤ ምን አስቸኮላችሁ?

መጀመሪያ ጭቃ ይቅረብ። ጠጠሩን ልቀሙለት፣ አሹት፣ እንዳይደርቅ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሉት። በየቀኑ 10 ደቂቃ ያህል ይዳምጡት፣ እንደ ዶቃ ያድቦልቡሉት፣ እንደ እባብ ያስረዝሙት። አሮጌ ጋዜጣ በሁለት እጅ አውራ ጣትና ሌባ ጣት መቅደድም እንዲሁ ይጠቅማል።

ቀጥሎ አሸዋ። 30 በ40 ሴንቲ ሜትር የሚሆን የካርቶን ክዳን ውስጥ በወንፊት የተነፋ አሸዋ ጨምሩ። ውፍረቱ ከአንድ ሴንቲ ሜትር አይብለጥ፤ ከበዛ ልጁ በጣቱ ያሰመረው ይደረመስበታል። በጣም የደረቀ እንደሆነ ደግሞ ይቦንና ዓይን ውስጥ ይገባል፤ ስለዚህ እጃችሁን ውኃ ነክራችሁ እርጭ እርጭ አድርጉበት።

ከዚያ ጠመኔ። ሙሉውን አትስጡ፤ 3 ሴንቲ ሜትር አድርጋችሁ ስበሩት። አጭር ስብርባሪ በጡጫ አይያዝምና ልጁ ሳይነገረው በሦስት ጣት ይይዘዋል። «እንዲህ ያዝ» እያሉ እጁን ከመጠምዘዝ ይህ በብዙ ይሻላል።

ፊደል ስታስጀምሩ በገበታው ተራ አትሂዱ። መስቀል አይቶ መሥራት የቻለ ልጅ ተን አያቅተውም፤ አራት ማዕዘን የቻለ በን ይሠራል። ለ ግን ሁለት ዘንበል ያሉ መስመሮች አሉት፣ ዘንበል ያለ መስመር ዘግይቶ ነው የሚመጣው። «ሀ ሁ ሂ» እያሉ በዜማ ማስባል ክፍሉን ያደምቃል፣ ግን አያታላችሁ። ሚን ለብቻው ጠቁሙና ጠይቁ፤ ልጁ ከመ ጀምሮ እየቆጠረ ከደረሰበት የያዘው ዜማውን ነው፣ ፊደሉን አይደለም።

ሐዋሳ ላይ ሌላም ነገር አለ። አንድ ክፍል ውስጥ ቤቱ ሲዳሙ አፎ፣ አማርኛ ወይም ወላይትኛ የሚናገር ልጅ አብሮ ይቀመጣል። ዝም ያለውን ሁሉ «አልገባውም» ብላችሁ አትመዝግቡ። ዕቃውን አሳዩትና በአፉ መፍቻ ቋንቋ ስሙን ይንገራችሁ፤ እናንተም ደግማችሁ በሉት።

ወላጅ መጥቶ «ደብተሩ ለምን ባዶ ሆነ?» ማለቱ አይቀርም። በየሳምንቱ አንድ የልጁን ሥዕል ቀን ጽፋችሁበት አስቀምጡ። የመጀመሪያውንና የስምንተኛውን ሳምንት ጎን ለጎን ዘርግታችሁ መስመሩ እንዴት እንደጠና በጣታችሁ አሳዩት።