«ስፋቱ ስንት ነው?» ብዬ የጠየቅኳት ልጅ

ደሴ ላይ 9 ዓመት ሒሳብ አስተምሬያለሁ፣ አብዛኛውን ጊዜ አራተኛ ክፍል። አሁን ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ በአንድ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ረዳት መምህር ነኝ። እንግሊዝኛ ገና ያልገባቸው የሀበሻ ልጆች አጠገብ ቁጭ ብዬ፣ መምህሯ የምትለውን ቀስ ብዬ በአማርኛ እነግራቸዋለሁ።

እዚህ ስፋትና ዙሪያ የሚጀመሩት ሦስተኛ ክፍል ነው። ምዕራፉ ሲያልቅ መምህሯ የአንድ ገጽ ፈተና ሰጠች። ከአዲስ አበባ ከመጣች አራት ወር የሆናት የ8 ዓመት ልጅ አጠገቤ ነበረች። የመጀመሪያው ጥያቄ ላይ ርዝመቱ 6፣ ወርዱ 4 የሆነ አራት ማዕዘን ተሥሏል። ጎንበስ ብዬ «ስፋቱ ስንት ነው?» አልኳት። ምንም ሳታመነታ «አራት» አለችና ጻፈች። «ዙሪያውስ?» ስላት በጣቷ እየዞረች ደመረችና 20 ጻፈች።

መምህሯ አራቱ ላይ ኤክስ አደረገችበት። «ስፋት አልገባትም» ተብሎ ድጋፍ ከሚያስፈልጋቸው ልጆች ጋር ተመደበች። እኔም አልገባትም ብዬ ነው ወደ ቤቴ የሄድኩት።

ማታ ባለቤቴ መጋረጃ ለማሰፋት ከጓደኛዋ ጋር በስልክ ታወራለች። «ቁመቱ ሁለት ሜትር ከሃያ፣ ስፋቱ አንድ ተኩል» ስትል ሰማኋትና እጄ ላይ የያዝኩትን ጉርሻ መልሼ ትሪው ላይ አስቀመጥኩት።

በእኛ የሒሳብ መጽሐፍ ጎኑ «ወርድ» ነው፣ ውስጡ «ስፋት» ነው፣ ዳር ዳሩ «መጠነ ዙሪያ» ነው። ይቺ ልጅ ግን እዚያ መጽሐፍ ላይ ሳትደርስ ነው የመጣችው። ለእሷ ስፋት ማለት የመንገድ ስፋት፣ የሱሪ ስፋት፣ የመጋረጃ ስፋት ነው። ወርዱን ጠየቅኳት፣ ወርዱን ነገረችኝ። ኤክሱ የሚገባው ለእኔ ነበር።

በነጋታው መምህሯን አስፈቅጄ ልጅቷን ጥግ ያለው ጠረጴዛ ጋ ይዣት ሄድኩ። ክፍሉ ውስጥ በየጎናቸው አንድ ኢንች የሆኑ ባለ ቀለም የፕላስቲክ ካሬዎች አሉ። 6 በ4 ኢንች አድርጌ ወረቀት ላይ ሣልኩላትና «ይሄ የሳሎን ወለል ነው እንበል። ሴራሚክ ልናነጥፍበት ነው፣ ስንት ካሬ ይፈጃል?» አልኳት። «ካሬ» ስል ፊቷ ፈካ። «ቲቸር፣ የአያቴ ግቢ 150 ካሬ ነው» አለችኝ። አዲስ አበባ ያደገ ልጅ ካሬን ከማን ይማራል!

ስድስቱን በአንድ መስመር ደረደረች። ቀጥላ በጎን በኩል ወደታች ሦስት ብቻ ጨመረችና ቆመች። ውስጡ ባዶ ነው። ዝም ብዬ ጠበቅኳት። በጣቷ ባዶውን መስመር በመስመር እየዳሰሰች «ስድስት፣ አሥራ ሁለት፣ አሥራ ስምንት፣ ሃያ አራት» አለች። ከዚህ በላይ ስፋትን መረዳት የለም። መስመሮቹ እኩል እንደሆኑና ሁሉንም መደርደር እንደማያስፈልጋት ማንም አልነገራትም።

አጠገባችን ፈተናውን በሙሉ የደፈነ፣ እዚሁ የተወለደ ልጅ ነበር። ለማየት ብዬ ወረቀቱን አነሣሁ። 24 ጽፏል። «24 ምንድን ነው?» አልኩት። «6 ሲባዛ በ4።» «ምን ምኑን ብትቆጥር ነው 24 የሚመጣው?» ዝም አለ። ካሬዎቹን ሰጥቼው ሙሉውን ከሸፈነ በኋላ ዙሪያውን አሳየኝ ስለው ዳር ዳር ያሉትን ካሬዎች ቆጥሮ 16 አለኝ። ዙሪያ ርዝመት መሆኑን፣ የማዕዘኑ ካሬ በሁለት በኩል ዳር እንዳለው አላየውም። ትክክል የተደረገበት ወረቀት ይህንን ሁሉ ሸፍኖታል። እኔ ራሴ ደሴ «ርዝመት ሲባዛ በወርድ» እያስባልኩ ስንቱን እንዲህ አሳልፌያለሁ? ዛሬም ያንገበግበኛል።

ከዚያ ወዲያ ወረቀቱን በሌላ ዓይን አየሁት። ሦስተኛው ጥያቄ 3 በ6 ነው። ስፋቱ 18፣ ዙሪያውም 18! ሁለቱን የሚያምታታ ልጅም ሙሉ ነጥብ ያገኛል ማለት ነው። ጎኖቻቸው ሙሉ ቁጥር ከሆኑ አራት ማዕዘኖች መካከል እንዲህ የሚገጥሙት 3 በ6 እና 4 በ4 ብቻ ናቸው፤ ልጅ ለመፈተን ከሁለቱም መሸሽ ነው። ለመምህሯ ስነግራት እዚያው ደመረች፣ አባዛች፣ ከዚያ እርሳስ አንሥታ ቁጥሩን 5 በ8 አደረገችው። ስለ «ስፋት»ም ጥፋቱ የእኔ መሆኑን አስረዳኋት። ልጅቷ ተመልሳ እንድትፈተን ወዲያው ተስማማች።

በዚህኛው ፈተና ላይ «ስፋት» የሚለውን ቃል ከአፌ አላወጣሁም። ወረቀቱን ስትመልስ ዙሪያው ላይ 26 ብላለች። ሌላው ላይ 40 ጽፋ ከጎኑ በራሳችን ፊደል አንድ ቃል ጨምራለች። መምህሯ ወረቀቱን ወደ እኔ አዙራ «ይሄ ምን ይላል?» አለችኝ።

«ካሬ» አልኳት።

ራይት አደረገችበት።