ወለሉን እዩልኝ

አየርላንድ ውስጥ የድሮ ሕንፃ የሚጎበኝ ሰው ሁሉ አንጋጦ ነው የሚሄደው። እኔ ግን ሥራዬ ሴራሚክ ማንጠፍ ስለሆነ ዓይኔ ቀድሞ መሬት ላይ ያርፋል። በንግሥት ቪክቶሪያ ዘመን የተሠሩት ሕንፃዎች ደግሞ ወለላቸው ብቻውን ቀን ያስውላል።

ኮርክ ከተማ ያለው የፕሮቴስታንቶቹ የቅዱስ ፊን ባር ካቴድራል አንዱ ነው። የነደፈው እንግሊዛዊው ዊሊያም በርጅስ ነው። ለውድድሩ የተመደበው 15,000 ፓውንድ ነበር፤ እሱ ከ100,000 በላይ አስወጣቸው። ድፍረቱ! ግን የመቅደሱን ወለል ያየ ይቅር ይለዋል። ማቴዎስ ወንጌል ላይ ያለው የመረቡ ምሳሌ በሞዛይክ፣ ማለትም በደቃቅ ጠጠር ለቀማ ተሠርቷል። ከኡዲኔ ከተማ የመጡ ጣሊያኖች እጅ ነው።

ካቶሊኮቹም አልተኙም። እ.ኤ.አ. በ1829 ፓርላማ የመግባት መብት ካገኙ በኋላ በየከተማው ቤተ ክርስቲያን ማነጽ ያዙ። ኮርክ አጠገብ ያለው የኮቭ ካቴድራል በ1868 ተጀምሮ በ1919 ነው የተጠናቀቀው። ለእጅ ባለሙያ ይህ ሁሉ እንጀራ ነው።

ቤልፋስት ስትሄዱ ደግሞ ክራውን (ዘውድ) የሚባለው መጠጥ ቤት ግቡ። ከባቡር ጣቢያው ፊት ለፊት ነበር፤ ባለቤቱ ፓትሪክ ፍላናጋን በ1885 አሳደሰው። እንደሚወራው ከሆነ ቀን ቀን ቤተ ክርስቲያን የሚሠሩ ጣሊያኖችን ማታ ማታ እያመጣ ነው ያሠራው። ፊቱ በባለቀለም ሴራሚክ የተለበጠ ነው፤ ውስጡ የጋዝ መብራት፣ በር ያላቸው አሥር ትንንሽ የእንጨት ክፍሎች፣ አስተናጋጅ መጥሪያ ደወል፣ ክብሪት መጫሪያ ብረት ሳይቀር አለው። ጠጪው ሳይታይ እንዲጠጣ ታስቦ ነው። እኔን ኑዛዜ መግቢያ ነው የመሰለኝ።

መግቢያው ወለል ላይ የዘውድ ሞዛይክ አለ። የፍላናጋን ሚስት የመጠጥ ቤቱ ስም «ዘውድ» ይሁን ብላ ስትወተውተው፣ እሱ ደግሞ የእንግሊዝን አገዛዝ ስለማይወድ፣ የእንግሊዝን ዘውድ ሰው ሁሉ እንዲረግጠው ብሎ መሬት ላይ አስነጠፈው ይላሉ። ጨዋታው ያስቃል፤ እኔ ግን አልዋጥልህ ብሎኛል። ወጪ ወራጁ እንዲረግጥልኝ የምፈልገውን ነገር እንዲህ በደቃቅ ጠጠር፣ ጠርዙን እየለካሁ አልለቅመውም። እንዲህ የሚለፋ ሰው እንዲታይለት ነው የሚፈልገው።