42 ጠብታ ወይስ 125?

ዛሬ ዋርድ ውስጥ ደጋግሞ የተነሳው ጥያቄ አንድ ነው፦ «አንድ ሊትር ኖርማል ሳላይን (በደም ሥር የሚሰጥ የጨው ፈሳሽ) በ8 ሰዓት ውስጥ» ሲታዘዝ ፈሳሹን የሚሰጠው ፓምፕ ላይ ምን ይሞላል? 1000ን ለ8 ማካፈል ነው፤ በሰዓት 125 ሚሊ ሊትር። ፓምፕ ከሌለ ግን ጠብታ መቁጠር ይመጣል። መጀመሪያ የድሪፕ ሴቱን (ፈሳሹን በጠብታ የሚያወርደውን ቱቦ) ማሸጊያ አንብቡ። 20 ጠብታ 1 ሚሊ የሚሞላበት ከሆነ፣ 125 ሲባዛ በ20፣ ሲካፈል ለ60፣ በደቂቃ ወደ 42 ጠብታ ነው። ባለ 60 ጠብታው የሕፃናት ድሪፕ ሴት ከሆነ የሰዓቱ ሚሊና የደቂቃው ጠብታ እኩል ቁጥር ነው።

በጣም የምታስፈራኝ የአሥርዮሽ ነጥቧ ናት። 60 ኪሎ ለሚመዝን ታካሚ ኖርኤፒነፍሪን (የደም ግፊትን ከፍ የሚያደርግ መድኃኒት) በኪሎ በደቂቃ 0.1 ማይክሮግራም ታዘዘ እንበል። 4 ሚሊግራም በ250 ሚሊ ሲበጠበጥ አንዱ ሚሊ 16 ማይክሮግራም ይይዛል። በሰዓት የሚያስፈልገው 360 ማይክሮግራም ነው፤ ለ16 ሲካፈል በሰዓት 22.5 ሚሊ። ነጥቧ ካመለጠች 225 ይሆናል፤ አሥር እጥፍ! እባካችሁ ሁለት ሰው ለየብቻ አስልቶ ያመሳክር፤ አንዱ የሌላውን ወረቀት አይቶ «ልክ ነው» አይበል።

የፓምፑ የመዘጋት አላርም ሲጮህ ደግሞ ዝም ብላችሁ ስታርት አትጫኑ። የታጠፈ ክርን፣ ሳይከፈት የተረሳ ክላምፕ፣ ደም የረጋበት ካኑላ (ደም ሥር ውስጥ የገባችው ቀጭን ቱቦ) ፈልጉ። ቱቦው ውስጥ የታመቀው መድኃኒት መንገዱ እንደተከፈተ በአንዴ ወደ ታካሚው ይገባል። መጀመሪያ ከታካሚው ወገን ዝጉና ግፊቱን አስተንፍሱ፣ ከዚያ አስጀምሩ።