የፍሬን ትምህርቴ፦ አራተኛ ወር

ለአዲስ ገቢዎች፦ መካኒክ አይደለሁም። ድሬዳዋ ሳቢያን ሰፈር እኖራለሁ፣ ኬሚስትሪ አስተምራለሁ፣ አንዲት አሮጌ ኮሮላ አለችኝ። ቅዳሜ ጠዋት ሙቀቱ ሳይጠና ፍሬን ብቻ የሚሠራ ጋራዥ እሄድና እጄን አቆሽሻለሁ። ሻይ እጋብዛለሁ፣ ይስቁብኛል፣ እማራለሁ።

ነገሩ የጀመረው ደንገጎ ላይ ነው። ከሐረር ስመለስ ቁልቁለቱን እግሬን ከፍሬን ሳላነሳ ወረድኩት። መሀል ላይ ፔዳሉ እንደ ስፖንጅ ላላ። ደጋግሜ ረግጬ፣ ማርሽ ቀንሼ፣ እንደ ምንም ዳር ይዤ ቆምኩ። ግማሽ ሰዓት አርፌ ስነሳ ፔዳሉ እንደ ድሮው ጠንክሯል። የፍሬን ሸራው (ከጎማው ጋር የሚዞረውን ዲስክ ጨብጦ የሚያቆመው) አልቋል ብዬ ደመደምኩ።

አላለቀም። የጋራዡ መካኒክ ጋሼ ጎማውን ፈትቶ አሳየኝ። (ድሬ ሁሉም «አንተ» ነው የሚባባለው፤ እኔ ግን ጋሼ ማለቱን አልተውኩም።) ሸራው ገና 6 ሚሊሜትር አለው። አዲስ ሲሆን ከ10 እስከ 12 ነው፣ ወደ 3 ሲወርድ ይቀየራል። ከዚያ የፍሬን ዘይቱን ክዳን ከፈተ። የቡና አተላ!

«አቦ፣ ይሄን መቼ ቀየርከው?»

ዝም አልኩ። መኪናዋን ከገዛሁ አምስት ዓመቴ ነው።

የፍሬን ዘይት ከአየር ላይ እርጥበት ይጠጣል። ዶት 3 የሚባለው አዲስ ሲሆን ቢያንስ 205 ዲግሪ ሳይፈላ መድረስ አለበት፤ ውሃ ከጠጣ በኋላ ግን መስፈርቱ ራሱ 140 ብቻ ነው። ሐረር ወደ 1,900 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፣ ድሬ 1,200 ገደማ። ያን ሁሉ ቁልቁለት በፍሬን ብቻ ከወረድክ የዲስኩ ግለት ዘይቱ ጋ ይደርሳል። ዘይት ሲረገጥ አይጨመቅም፣ እንፋሎት ግን ይጨመቃል። ፔዳሌ የላላው ለዚህ ነው። ሲቀዘቅዝ እንፋሎቱ ተመልሶ ፈሳሽ ሆነ፣ ፔዳሉም ጠነከረ። ስለ መፍላት ስንት ዓመት አስተምሬ የራሴ ፍሬን ሲፈላ አላወቅኩም። ጋሼ ይሄን ለመጣ ደንበኛ ሁሉ ያወራዋል።

ስለዚህ የዚህ ወር ሥራ ዘይት መቀየርና አየር ማውጣት ሆነ። ረዳቱ ልጅ ውስጥ ተቀምጦ ይረግጣል፣ እኔ ከኋላ ቀኝ ጎማ ሥር ተጋድሜያለሁ። በዚህ መኪና ከፖምፓው (ፔዳሉ ሲረገጥ ዘይቱን ወደ ጎማዎቹ ከሚገፋው) ከሚርቀው ጎማ ነው የሚጀመረው።

«ርገጥ! ያዝ!»

የአየር ማውጫዋን ቡሎን በቁልፍ ሩብ ዙር እፈታለሁ። በቀጭን ላስቲክ ጥቁር ዘይት ከነአረፋው ጠርሙሱ ውስጥ ይወርዳል። አጠብቃለሁ። «ልቀቅ!» ሳላጠብቅ ከለቀቀ አየር መልሶ ይስባል። አረፋው እስኪጠፋና ዘይቱ እስኪጠራ ድረስ ይሄው ነው።

ሦስተኛው ጎማ ላይ ጉድ ሠራሁ። ጠርሙሷን ብቻ እያየሁ ላይ ያለውን ማጠራቀሚያ መሙላት ረሳሁ። ደረቀ፣ አየር ገባ፣ ሁሉም እንደ አዲስ። ልጁ «እግሬ ዝሏል» ብሎ ወርዶ ሄደ። ይባስ ብሎ ስሞላ መከላከያው ላይ ጠብ አለብኝ። የፍሬን ዘይት ቀለም ይበላል፤ ቶሎ በብዙ ውሃ ማጠብ ነው። እኔ ሻይ ጠጥቼ ስመለስ ቀለሙ አብጦ ጠበቀኝ።

ሌላ ያየሁት፦ ግራ ፊት ላይ የውስጡ ሸራ ከውጪው በጣም ሳስቷል። ካሊፐሩ (ሸራዎቹን ዲስኩ ላይ የሚጫነው) የሚንሸራተትበት ፒን በአቧራ ደርቆ ነበር። ጠርገን ለፍሬን የሚሆን ግራሶ ቀባነው፣ አሁን በጣት ይሄዳል።

ባለፈው ሳምንት ደንገጎን በሁለተኛ ማርሽ ወረድኩት። ከኋላዬ ያለው ሚኒባስ ጡሩምባውን ለቀቀው። ይልቀቀው።

ቅዳሜ የኋላውን ታምቡር (ሸራው ከውስጥ የሚጫነውን ክብ ብረት) እንከፍታለን። የሞላዎቹ አገባብ ያስፈራኛል፤ የሠራችሁት ካላችሁ ሁለቱን ጎን አንዴ መፍታት ይሻላል ወይስ አንዱን ለማመሳከሪያ መተው?