ከሳሎን የማይወጣው ብስክሌቴ ለምን ዛገ?

ክረምት ሲገባ ከጎንደር ወደ አዘዞ የሚወስደውን ቁልቁለት በብስክሌት መውረድ አቆማለሁ። ከሰኔ እስከ መስከረም ብስክሌቴን የኋላ ጎማውን ሲሊንደር ላይ በሚያሳርፍ የብረት ማቆሚያ አስሬ ሳሎን ውስጥ እነዳለሁ። ይህ ሦስተኛው ክረምቴ ነው።

ጭቃ ካልነካው ምን ይሆናል ብዬ ሁለቱን ክረምት ጨርቅ እንኳ ሳላሳርፍበት አለፍሁ። ዘንድሮ ሐምሌ መግቢያ ላይ መሪው ሲዞር መሃል ላይ ይያዝ ጀመር። ፒያሳ አካባቢ ወደሚሠሩ አንድ አዛውንት የብስክሌት ጠጋኝ ወሰድሁት። የመሪውን አንገት ፈትተው ኩሽኔታውን ሲያወጡት ዝገት በዝገት ሆኗል።

«ልጄ፣ ዝናብ ላይ ነው እንዴ የምታሳድረው?» አሉኝ።

«ኧረ ጋሼ፣ ክረምቱን ከሳሎን አይወጣም!»

መሪው ላይ የተጠመጠመውን ጥቅል ገለጡት። ከሥሩ አሉሚኒየሙ ነጭ ዱቄት አውጥቷል። በጣታቸው ነካ አድርገው «ላብህ ነው» አሉ።

በጣም አዘንሁ። ነገሩን ሳስበው ግን እውነታቸውን ነው። መንገድ ላይ ነፋሱ ላባችንን ያደርቀዋል። ቤት ውስጥ አንድ ቦታ ቆመን ስለምንነዳ ከግንባርና ከአገጭ የሚወርደው ሁሉ መሪው፣ ብሎኖቹና የውኃ መያዣው ሥር ይጠራቀማል። ውኃው ሲተን ጨው ይቀራል፤ ጨው ደግሞ እርጥበት ይስባል። በጎንደር ክረምት የታጠበ ልብስ ስንት ቀን ተሰጥቶ እንደሚቆይ ታውቁታላችሁ፤ ብረት ላይ ያረፈ ላብም እንዲሁ ነው።

አሁን ከመሪው እስከ ኮርቻው ፎጣ ዘርግቼ፣ ማራገቢያውን ወደ ደረቴ አዙሬ እጀምራለሁ። ስጨርስ፣ ገና ራሴ ሳልታጠብ፣ በንጹሕ ውኃ በራሰ ጨርቅ እጠርገውና በደረቅ እደግመዋለሁ። ከሁሉም የጠቀመኝ ይህ ነው።

ሰንሰለቱም አታልሎኝ ነበር። አቧራ ስለማያገኘው ንጹሕ ይመስላል፤ መበላቱን ግን አልተወም። ሰንሰለት ሲበላ ስለሚረዝም በማስመሪያ ለካሁት፤ ከአንድ ካስማ (ዐይኖቹን ከሚያያይዙት ትንንሽ ዘንጎች አንዱ) መሃል ተነሥቶ ቀጥሎ ያሉትን 24 ካስማዎች ሲቆጥሩ አዲስ ሰንሰለት 304.8 ሚሊ ሜትር ይሆናል። የእኔ 307 አልፏል። እዚህ ደርሶ ካልተለወጠ የኋላዎቹን ጥርሶች ይዞ ይጠፋል። ክረምቱን ሁሉ በአንድ ማርሽ መንዳቴም ጥፋት ነበር፤ ሁልጊዜ የሚበሉት እነዚያው ጥቂት ጥርሶች ናቸው። አሮጌውን አውልቄ አዲስ አሰርሁ፤ በሳምንት አንድ ጊዜ ዘይት ጠብ አደርግና ትርፉን በጨርቅ እጠርጋለሁ።

ከኋላው ጎማ ሥር ጥቁር ዱቄት ካያችሁ ሲሊንደሩ ጎማውን እየፈጨው ነው። የጎማው ነፋስ ሲጎድል ይንሸራተታል፣ ይግላል፤ ስለዚህ ሁልጊዜ ኮርቻው ላይ ከመውጣቴ በፊት እነፋዋለሁ። ለቤት አሮጌ ጎማ መድቤያለሁ። ሲሊንደር ላይ የጠነከረውንና የለሰለሰውን ጎማ ግን እርጥብ አስፋልት ላይ አትመኑት።

የቀረኝ የኮርቻው ዘንግ ነው። ትናንት ግራሶ ልቀባው ብዬ ልነቅለው ብሞክር አልነቃነቅ አለኝ፤ እዚያም ላብ ሰርጎ ገብቷል። ጋሼ «በመዶሻ እንዳትነካው፤ ዘይት አፍስሰህ አሳድረው» አሉኝ። አፍስሼበታለሁ፤ ቅዳሜ እንደገና እሞክረዋለሁ።