ጄነሬተሩን በላፕቶፕ ላይ ሳስነሳው

ኮምቦልቻ ውስጥ በአንድ የዱቄት ፋብሪካ የኤሌክትሪክ ጥገና እሠራለሁ። መብራት ሲሄድ ባለ 250 ኬቪኤ (የጄነሬተር አቅም መለኪያ ነው) ጄነሬተራችን ይነሳል። መነሳቱንስ በደንብ ይነሳል። መስመሩ ወደ እሱ ከዞረ ከጥቂት ሰከንድ በኋላ ግን ኮንታክተሮቹ፣ ማለትም ለሞተሮቹ ኤሌክትሪክ የሚያገናኙትና የሚያቋርጡት ማብሪያዎች፣ ይንጣጣሉ። ይለቃሉ፣ ይይዛሉ፣ እንደገና ይለቃሉ። ጫፋቸው ተቃጥሎ ሁለቱን ቀይሬያለሁ።

ሁሉም ሰው «ጄነሬተሩ አንሷል» ነበር የሚለው። ባለቤቱ ሐጂ ጠርተውኝ «ልጄ፣ ትልቅ ይገዛ እያሉኝ ነው። አንተስ ምን ትላለህ?» አሉኝ። ሁለት ሳምንት ይስጡኝ አልኳቸው። ሦስቱ ትልልቅ ሞተሮቻችን 55፣ 37 እና 30 ኪሎዋት ናቸው። ተደምረው 122 ነው። ከፍታ ቦታ ላይ አየሩ ስለሚሳሳ አቅሙን ቀንሼ ብቆጥረውም ጄነሬተሩ ይችላቸዋል። ስለዚህ ችግሩ አነሳሱ ላይ ነው ብዬ በፓይተን የፕሮግራም ቋንቋ ሲሙሌሽን (አነሳሱን በኮምፒውተር የሚያስመስል ፕሮግራም) መጻፍ ጀመርኩ።

የመጀመሪያዎቹን ቀናት አባከንኳቸው። የ24 ቮልት ባትሪውን፣ ማስነሻውን፣ የጄነሬተሩ ሞተር በደቂቃ እስከ 1,500 ዙር የሚወጣበትን ሁሉ ሠራሁ። የሚያምር ግራፍ ወጣ። የእኛ ችግር ግን እዚያ አልነበረም። ብልሽቱ የሚመጣው ጭነት ከገባ በኋላ እንደሆነ እያወቅኩ በጣም የሚስበኝን ክፍል ነው ያስቀደምኩት።

ከዚያ ወደ ወረቀት ተመለስኩ። የመብራት ኃይል መስመር ከኋላው ብዙ ግድቦች አሉት። ጄነሬተር ብቻውን ነው። ሞተር በቀጥታ ሲነሳ የመደበኛውን ስድስት እጥፍ ያህል ከረንት ይጠይቃል። ለማስነሻ ብቻ በሚሆነው የሽቦ አገናኝ፣ በስታር፣ ሲነሳ ግን አንድ ሦስተኛው ይበቃዋል። የጄነሬተራችን የውስጥ ሪአክታንስ፣ ከረንት ሲጨምር ቮልቴጁን የሚያወርደው የራሱ እንቅፋት፣ 0.2 ነው። ሦስቱም ሞተሮች በአንድ ጊዜ በስታር ቢነሱ ቮልቴጁ 20 በመቶ ያህል ይወርዳል። ከ400 ወደ 320 ቮልት መሆኑ ነው። ኮንታክተር ለዚህ አይለቅም። ሲሙሌሽኑም ሞተሮቹ በአራት ሰከንድ ፍጥነታቸውን ይይዛሉ አለ። ታይመሩ በአምስት ሰከንድ ወደ ዴልታ፣ ሙሉ ጉልበት ወደሚሰጠው አገናኝ፣ ያዞራቸዋል። ሁሉም ደህና! እውነታው ግን አጠገቤ እየተንጣጣ ነበር።

መልሱን የሰጡኝ ወፍጮውን ለዓመታት ያንቀሳቀሱት ጋሼ ናቸው። ግራፉን አሳየኋቸው። «ይሄ ባዶ ወፍጮ ነው» አሉኝ። «መብራት ድንገት ሲሄድ እኮ ስንዴው ውስጥ እንዳለ ነው የሚቆመው።»

እውነታቸውን ነው። እኔ የጻፍኩት ጠዋት ባዶውን የሚነሳ ወፍጮ ነበር። የሞተር ጉልበት ከቮልቴጁ ስኩዌር ጋር ነው የሚሄደው። ቮልቴጁ 80 በመቶ ሲሆን ጉልበቱ 64 በመቶ ይሆናል። ስታር ደግሞ ያንን ለሦስት ያካፍለዋል። የቀረው ከሙሉው 21 በመቶ ብቻ ነው። በዚህ ጉልበት ስንዴ የያዘ ወፍጮ አይፈጥንም። የስንዴውን ጭነት ስጨምርበት ሞተሮቹ በአምስተኛው ሰከንድ ገና 70 በመቶ ፍጥነት ላይ ናቸው። ታይመሩ አይጠብቃቸውም፤ ሦስቱንም ወደ ዴልታ ይወረውራቸዋል። ያን ጊዜ ጄነሬተሩ ከ900 ኬቪኤ በላይ ይጠየቃል። ቮልቴጁ ወደ 228 ይወድቃል። ኮንታክተሮቹ የሚለቁት ይሄኔ ነው።

ማረጋገጥ ነበረብኝ። ዲጂታሉ ሜትር ለዚህ ፍጥነት አይሆንም። መርፌ ያለውን አሮጌ ቮልት ሜትር አስሬ በስልክ በስሎው ሞሽን ቀረጽኩት። መርፌው 250 አካባቢ ደረሰ። መርፌ እስከ ጥልቁ ለመውረድ ጊዜ ስለማያገኝ ልዩነቱን ተቀበልኩት።

ፍሪኩዌንሲው፣ ጄነሬተሩ ሲዘገይ አብሮ የሚወርደው የከረንቱ ድግግሞሽ፣ ግን አልገጠመም። ሲሙሌሽኑ 48.5 ሄርዝ ሲል በተግባር 46 ወረደ። ጭነቱ በገባበት ቅጽበት ጭስ ማውጫው ጥቁር ጭስ ሲተፋ አይቼ ነበር። የሐረጎን ዳገት ጭኖ የሚወጣ መኪና ነዳጅ ሲሰጠው እንደሚያጨሰው ማለት ነው። ነዳጁ ደርሷል፣ ቱርቦው ግን አየሩን ገና አላደረሰም። እኔ የጄነሬተሩ ሞተር ጉልበት ወዲያው ይደርሳል ብዬ ነበር የጻፍኩት። መዘግየቱን ሳስገባ ሁለቱ ተቀራረቡ። ደሴ ያለ ጓደኛዬ ቁጥሮቼን ለክሊኒካቸው ሲጠይቀኝም የከለከልኩት ለዚህ ነው። ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ ናት፣ ኮምቦልቻ 1,850። አየሩ እዚያ ይበልጥ ይሳሳል። የራሱን ሞተር ሠንጠረዥ ያንብብ፣ የራሱንም ይለካ።

ማስተካከያው ሦስት ታይመር ሆነ። 55ቱ መጀመሪያ ብቻውን ይነሳል። የስታር ጊዜውን ወደ ዘጠኝ ሰከንድ አሳደግኩት። ከዚያ በላይ አላስረዘምኩትም፤ ጭነት ይዞ በስታር የሚቆይ ሞተር ይግላል። በ15 ሰከንድ ልዩነት 37ቱ፣ ቀጥሎ 30ው ይከተላሉ። ላፕቶፑ ዝቅተኛው 360 ቮልት ይሆናል አለ። መርፌው 365 ላይ ቆመ።

ሐጂ ትልቁን ጄነሬተር አልገዙም። ጋሼም አሁን መብራት በሄደ ቁጥር መጀመሪያ የሚሮጡት የስንዴውን ማስገቢያ ለመዝጋት ነው።